ሳይኮሎጂ ልትማሩ ነው? መጀመሪያ ይህን አንብቡ

ሳይኮሎጂን መርጠው ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ ብዙ ተማሪዎች ሰው መርዳት ይፈልጋሉ። የሰው ጭንቀት አንጀታቸውን የሚበላቸው፣ ጓደኛ ሁሉ ችግሩን የሚያወራላቸው ልጆች ናቸው። ከዚያ ትምህርት ይጀመርና ስታትስቲክስ የሚባል ኮርስ ከች ይላል። ቀጥሎ የጥናት ዘዴ። ቀጥሎ የአንጎል ባዮሎጂ። «ቆይ፣ እኔ የገባሁት ለዚህ ነው እንዴ?» የሚለው ጥያቄ ያኔ ይነሣል። አንዳንዱ ትምህርቱን እንደጠላው ይመረቃል፣ አንዳንዱ ዲፓርትመንት ይቀይራል። ሁለቱም ያሳዝኑኛል። ቀድሞ በግልጽ የነገራቸው ሰው ቢኖር ወይ ተዘጋጅተው ይገቡ ነበር፣ ወይ ከመጀመሪያው ሌላ ይመርጡ ነበር።

ስለዚህ በግልጽ ልንገራችሁ። የሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ በዋናነት የሚያስተምረው ስለ ሰው የሚነገር ነገር እውነት መሆን አለመሆኑ በምን እንደሚታወቅ ነው። በዲግሪው ብቻ የሥነ ልቦና ሐኪም ሆኖ የሚወጣ የለም። ሕክምናው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ባለው ትምህርት ነው፤ እመለስበታለሁ።

ይህን ያህል ማስረጃ ለምን አስፈለገ? ስለ ሰው ሁሉም ሰው የሚያውቅ ስለሚመስለው ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንላለን። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ም እንላለን። ነገሩ ካለፈ በኋላ ከሁለቱ አንዱ ሁልጊዜ ልክ ይሆናል። ሳይኮሎጂ ግን ነገሩ ከመሆኑ በፊት ይጠይቃል፦ መፍጠን የሚጠቅመው መቼ ነው? ለማን? በምን ያህል? እንዲህ ያለ ጥያቄ በመከራከር አይፈታም። መለካት ይጠይቃል።

መለካቱ የተጀመረው ትናንት አይደለም። ቪልሄልም ቩንት ጀርመን ላይፕዚግ ውስጥ የሥነ ልቦና ላብራቶሪ የከፈተው በ1879 ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አብዛኛውን ጊዜ የዘርፉ የልደት ቀን ተደርጎ የሚጠቀሰውም ይኸው ነው። ዛሬ በሦስት ወይም በአራት ዓመት ዲግሪ ውስጥ የሚሰጡት ኮርሶች ብዙ ቦታ ይመሳሰላሉ። አንጎልና ባሕርይ አለ። ትውስታን፣ ትኩረትንና አስተሳሰብን የሚያጠናው ኮግኒቲቭ ሳይኮሎጂ አለ። የልጅ እድገት፣ ማኅበራዊ ሳይኮሎጂ፣ ስብእና፣ የአእምሮ ሕመም አሉ። ከእነዚህ ሁሉ ሥር ደግሞ ስታትስቲክስና የጥናት ዘዴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዓመት ይሄዳሉ።

ስታትስቲክሱን የሚፈራ ሰው ብዙ ስለሆነ እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ልሂድ። በአንድ እውነተኛ ጥናት ላሳያችሁ፤ ክፍል ውስጥ ደጋግማችሁ የምትሰሙት ነው።

ኤልዛቤት ሎፍተስ እና ጆን ፓልመር በ1974 ያሳተሙት ነው። 45 ተማሪዎች የመኪና አደጋ የሚታይባቸው አጫጭር ፊልሞች ያያሉ። ከዚያ ስለ መኪኖቹ ፍጥነት ይጠየቃሉ። ጥያቄው ለሁሉም አንድ ነው፣ የሚለየው አንድ ግሥ ብቻ ነው። አንዱ ቡድን «መኪኖቹ ሲከሰከሱ በምን ያህል ፍጥነት ይሄዱ ነበር?» ተባለ። ሌላው «ሲጋጩ»፣ ሌላው «ሲነካኩ»፤ በጠቅላላው አምስት ዓይነት ግሥ ነበር። ፊልሙ ያው ነው። ነገር ግን «ሲከሰከሱ» የተባሉት በአማካይ በሰዓት 41 ማይል ገደማ ብለው ገመቱ፣ «ሲነካኩ» የተባሉት ደግሞ 32 ማይል ገደማ።

ይህ ብቻ አይበቃም። ምናልባት ሰዎቹ ቁጥሩን ከግሡ ጋር አስማምተው ተናገሩ እንጂ ያዩት ነገር በትውስታቸው ውስጥ አልተለወጠ ይሆናል። ስለዚህ ሁለተኛ ሙከራ አደረጉ። 150 ተማሪዎች ፊልም አዩና በ50 በ50 ተከፈሉ። አንዱ ቡድን «ሲከሰከሱ» ተብሎ ተጠየቀ፣ አንዱ «ሲጋጩ»፣ ሦስተኛው ስለ ፍጥነት ጭራሽ አልተጠየቀም። ከሳምንት በኋላ ሁሉንም ጠርተው «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» አሏቸው። ፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። «ሲከሰከሱ» ከተባሉት 50 ሰዎች 16ቱ አይተናል አሉ። «ሲጋጩ» ከተባሉት 7። ካልተጠየቁት 6።

አሁን እንደ ሳይኮሎጂ ተማሪ እናስብ። ሦስተኛው ቡድን ምን ያደርጋል? ምንም ሳይባሉም የሌለ ነገር አየን የሚሉ ሰዎች ስንት እንደሆኑ ያሳየናል። 6 ናቸው። ይህን ባናውቅ ኖሮ «ሲጋጩ» የሚለው ቃል ሰባት ሰው አሳሳተ ብለን እናወራ ነበር። 7 ከ6 ጋር ሲተያይ ግን ያን ያህል ልዩነት የለውም። ይህ የቁጥጥር ቡድን የሚባለው ነው፤ አንዴ ከገባችሁ በኋላ ማስታወቂያ ስታዩ እንኳ አይለቃችሁም። «ይህን ከወሰዱት ብዙዎቹ ተሽሏቸዋል» ሲባል ልባችሁ ወዲያው «ካልወሰዱትስ ስንቱ ተሻለው?» ይላል።

ስታትስቲክሱ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። 16፣ 7 እና 6 ይለያያሉ፣ ይሄ በዓይን ይታያል። ግን እንዲሁ በአጋጣሚ ቢሆንስ? አየን ያሉት ሰዎች በድምሩ 29 ናቸው። ቃሉ ምንም ለውጥ የማያመጣ ቢሆን በየቡድኑ ወደ 10 ገደማ ይደርሳቸው ነበር። የተገኘው ከዚያ ምን ያህል ራቀ ብለን እናሰላለን። ስሌቱን ስትሠሩት፣ ቃሉ ለውጥ የማያመጣ ቢሆን ኖሮ ይህን የሚያህል ወይም ከዚህ የሚበልጥ ልዩነት በአጋጣሚ የመገኘት ዕድሉ ከ100 ወደ 2 ገደማ ይሆናል። በቃ፣ «ፒ ቫልዩ» እየተባለ ተማሪ የሚያስጨንቀው ነገር ይህ ነው። ብዙ ጊዜ ከ100 ከ5 በታች ሲሆን ውጤቱ በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም ይባላል። ልብ በሉ፣ «መላምታችን 98 በመቶ እውነት ነው» ማለት አይደለም። ይህን ስሕተት ከተመረቁም በኋላ የሚሠሩ አሉ።

ሂሳቡ ራሱ ከባድ አይደለም። ዛሬ ስሌቱን ኮምፒውተር ይሠራዋል። ከባዱ የትኛው ስሌት ለየትኛው ጥያቄ እንደሚሆን ማወቅና የወጣውን ቁጥር ሳያጋንኑ መተርጎም ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሂሳብ ጎበዝ ያልነበሩ ልጆች በዚህ ኮርስ ጥሩ ውጤት ሲያመጡ ይታያል፤ በየሳምንቱ እየሠሩ ከሄዱ ማለት ነው። ለፈተና ዋዜማ የተጠራቀመ ስታትስቲክስ ግን ማንንም አይምርም።

ጥናቱን ገና አልጨረስነውም። ተሳታፊዎቹ እነማን ነበሩ? ተማሪዎች። የት ሆነው አዩት? በሰላም ተቀምጠው፣ ፊልም ላይ። እውነተኛ አደጋ መንገድ ላይ በድንጋጤ ውስጥ ሆኖ ያየ ሰውም እንዲሁ ይሳሳታል? ከዚህ ጥናት ብቻ አይታወቅም። ለዚህ ሌላ ጥናት ያስፈልጋል፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ተሠርቷል። ጥሩ መምህር «ይህ ጥናት ምን አሳየ?» ብሎ አያቆምም፤ «ምን አላሳየም?» ይላል። ፈተና ላይም ነጥብ ያለው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

የተሳታፊዎቹ ነገር ከዚህም ሰፋ ያለ ጣጣ አለው። በ2010 ጆሴፍ ሄንሪክ፣ ስቲቨን ሃይነ እና አራ ኖረንዛያን ባወጡት ጽሑፍ፣ በዘርፉ ትልልቅ ጆርናሎች ላይ ከታዩት ናሙናዎች 96 በመቶው የተወሰዱት የዓለምን ሕዝብ 12 በመቶ ብቻ ከያዙ አገሮች መሆኑን አሳይተዋል። እነዚያም በአብዛኛው ሀብታም የምዕራብ አገሮች ናቸው። መማሪያ መጽሐፉ «ሰዎች እንዲህ ያደርጋሉ» ሲላችሁ የትኞቹ ሰዎች ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ብቻ ሳይሆን ሥራችሁም ነው። ከእነዚያ አገሮች ውጭ ለሚማር ሰው ደግሞ እንደኔ ትልቅ ዕድል ነው። ሌሎች አጥንተው የጨረሱት የሚመስለው ጥያቄ በእናንተ አካባቢ ገና አልተጠየቀ ይሆናል። የመመረቂያ ጥናት ርዕስ አጣሁ ለሚል ተማሪ መጀመሪያ የምለው ይህንን ነው።

አንድ ሌላ የሚያስደነግጥ ነገርም ይመጣል። በ2015 የታተመ ትልቅ ሥራ አለ። ብዙ ተመራማሪዎች ተባብረው ታትመው የነበሩ 100 የሥነ ልቦና ጥናቶችን እንደገና ሠሩ። ከመጀመሪያዎቹ ጥናቶች 97 በመቶው ከአጋጣሚ የበለጠ ውጤት አገኘን ብለው ነበር። ሲደገሙ ወደ 36 በመቶው ብቻ እንዲህ ያለ ውጤት ሰጡ። አንዳንድ ተማሪ ይህን ሲሰማ «ታዲያ ምን ልማር?» ይላል። ስሜቱ ይገባኛል። እኔ ግን ዘርፉን ይበልጥ ያከበርኩት በዚህ ነው። የራሱን ቤት ፈትሾ ጉድለቱን በአደባባይ ያወጣ ሙያ ብዙ የለም። ከዚያ ወዲህ አሠራሩ ተለውጧል። ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች ምን እንደሚለኩና እንዴት እንደሚያሰሉት መረጃ ከመሰብሰባቸው በፊት ያስመዘግባሉ፣ ናሙና ያበዛሉ፣ መረጃቸውንም ለሌላው ክፍት ያደርጋሉ። ስለዚህ የድሮ ዝነኛ ጥናት ስታነቡ ተደግሟል ወይ ብላችሁ ፈልጉ። ለምሳሌ የ1971ዱ የስታንፎርድ እስር ቤት ሙከራ በየቦታው ይጠቀሳል። ተማሪዎች እስረኛና ጠባቂ ሆነው ለሁለት ሳምንት ሊቆዩ ታስቦ በስድስት ቀን የተቋረጠው ማለቴ ነው። በኋላ የወጡ የሙከራው የድምፅ ቅጂዎች ግን ጠባቂዎቹ ጠንከር እንዲሉ ይገፋፉ እንደነበር ያሳያሉ። «ሥልጣን ሲይዝ ሰው በራሱ ጊዜ ይጨክናል» የሚለው ድምዳሜ ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው አይቆምም።

የአንጎሉን ኮርስ ብዙ ሰው በግዳጅ ይገባበትና ወድዶት ይወጣል። አንድ ታሪክ ብቻ ላንሣ። ሄንሪ ሞሌሰን የሚባል ሰው በ1953 ለከባድ የሚጥል በሽታ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሂፖካምፐስ ከሚባለው ክፍል ሰፊ ቁራጭ ከሁለቱም ወገን ወጣ። ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር ማስታወስ አቃተው። ግን በመስታወት እያየ ኮከብ እንዲስል ሲያለማምዱት ከቀን ወደ ቀን እጁ እየተሻሻለ ሄደ፤ ከዚያ በፊት ሥሎ እንደሚያውቅ ግን አያስታውስም። ትውስታ አንድ ዕቃ እንዳልሆነ፣ እጅ የሚይዘውና አፍ የሚናገረው የተለያየ መንገድ እንዳላቸው የታወቀው እንደዚህ ካለ ጉዳይ ነው።

ሥነ ምግባሩን በአጭሩ። በ1963 የታተመው የስታንሊ ሚልግራም ጥናት ላይ ከ40 ሰዎች 26ቱ ሌላ ሰው ላይ እስከ 450 ቮልት የኤሌክትሪክ ንዝረት የለቀቁ መስሏቸው መጨረሻ ድረስ ሄደዋል። ንዝረቱ የውሸት ነበር፣ የተሳታፊዎቹ ጭንቀት ግን እውነት ነበር። ዛሬ እንደዚያ ያለ ጥናት በቀላሉ አይፈቀድም። እናንተም ለመመረቂያችሁ መጠይቅ ብቻ የምትበትኑ ቢሆን እንኳ የጥናት ሥነ ምግባር ፈቃድ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ጊዜ ይበላል፤ ቀድማችሁ አመልክቱ።

ስለ አእምሮ ሕመም የሚሰጠውን ኮርስ ግን እንዲህ ማለፍ አልፈልግም። ብዙ ሰው የሚጠብቀው ይህን ኮርስ ነው፣ ብዙ ሰው የሚጎዳበትም ይኸው ነው። የበሽታ ምልክት ሲነበብ ሁሉም ራሱን ያያል። «እንቅልፍ ማጣት» ሲል እኔ ነኝ፣ «ትኩረት ማጣት» ሲል እኔ ነኝ። ከዚያ እናቱን፣ ከዚያ ጓደኛውን ይመረምራል። ስለዚህ መስፈርቱ እንዴት እንደሚሠራ በአንዱ ላሳያችሁ። በአሜሪካ ሳይካትሪ ማኅበር መመሪያ መሠረት ከባድ የድብርት ሕመም አለ ለማለት ከዘጠኝ ምልክቶች ቢያንስ አምስቱ መኖር አለባቸው። ቢያንስ ለሁለት ሳምንት አብረው መቆየት አለባቸው። ከአምስቱ አንዱ የግድ ወይ የከፋ ስሜት ወይ ለነገሮች ሁሉ ፍላጎት ማጣት መሆን አለበት። ይህም ሆኖ አያበቃም፤ ሰውየውን በጣም ያሠቃየው ወይም ሥራውን፣ ትምህርቱን፣ ከሰው ጋር ያለውን ኑሮ ያናጋ መሆን አለበት፣ ምክንያቱም ሌላ በሽታ ወይም የሚወሰድ ነገር አለመሆኑ መጣራት አለበት። ሰኞና ማክሰኞ ሲከፋችሁ ይህ ሁሉ ተሟልቷል ማለት አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ ተሟልቶ ሳለ «ሰነፍ ነኝ» እያለ ለዓመታት የሚኖር ሰው አለ።

ራሳቸውን ለመረዳት ብለው ሳይኮሎጂ የሚመርጡ አሉ። የልጅነት ቁስል ያለባቸው፣ ቤታቸው ውስጥ የታመመ ሰው ያለ። ይህ የሚያሳፍር ምክንያት አይደለም፣ ከእነሱ መካከል ድንቅ ባለሙያ የሚወጣው ብዙ ነው። የምለምናቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ትምህርቱን እንደ ሕክምና አትቁጠሩት። ክፍል ውስጥ ቁስላችሁን የሚነካ ርዕስ ይመጣል፣ መምህሩ ግን የሚያውቀው ግሬዳችሁን ነው። የሚታመን አማካሪ ወይም ሐኪም ከክፍል ውጭ ፈልጉ። ሁለቱን ለየብቻ ስትይዟቸው ሁለቱም ይሠራሉ።

አሁን ወደ ሥራው። ሳይካትሪስት ሕክምና ትምህርት ቤት ገብቶ ሐኪም ከሆነ በኋላ በአእምሮ ሕክምና የተካነ ሰው ነው፤ መድኃኒት ያዛል። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት የሚሆነው በሳይኮሎጂ ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ ተምሮ፣ በባለሙያ ክትትል ሥር ታካሚ እያየ ሠልጥኖ ነው። አንዳንድ አገር ማስተርስ ይበቃል፣ አንዳንድ አገር ዶክትሬት ይጠየቃል፣ ብዙ ቦታ የሙያ ፈቃድም አለ። በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ራስን «ሳይኮሎጂስት» ብሎ ታካሚ መቀበል በብዙ አገር በሕግ ይከለከላል፣ ባይከለከልም አደጋ ነው። ሕልማችሁ ሕክምና ከሆነ ዲግሪው ግማሽ መንገድ እንኳ ላይሆን ይችላል። ይህን የምላችሁ ተስፋ ላስቆርጣችሁ ብዬ አይደለም። በገንዘብም በዓመትም ከአሁኑ እንድታስቡበት ብዬ ነው።

በመጀመሪያ ዲግሪው ብቻስ? የሰው ኃይል አስተዳደር፣ የገበያ ጥናት፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ድርጅቶች፣ ትምህርት ቤቶች፣ የመረጃ ትንተና፣ ሰዎች አፕሊኬሽን ሲጠቀሙ የት እንደሚቸገሩ የሚያጠና ሥራ፤ እነዚህ ሁሉ በር ይከፍታሉ። በሩን የሚከፍተው ግን የዲግሪው ስም ብቻ አይደለም። ጥሩ መጠይቅ ማዘጋጀት፣ መረጃ ማጽዳትና መተንተን፣ ግኝትን በሁለት ገጽ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት የሚችል ተመራቂ ይፈለጋል። እንግዲህ ያ የተጠላው ስታትስቲክስ ከሌላው ኮርስ ሁሉ ይበልጥ እንጀራ የሚያበላው እዚህ ላይ ነው።

የአጠናን ነገርም አለ፤ ዘርፉ ራሱ መልስ ስላለው ባልነግራችሁ ቅር ይለኛል። ሄንሪ ሮዲገር እና ጄፍሪ ካርፒኪ በ2006 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች ሁለት አጫጭር ጽሑፎች አነበቡ። ከዚያ አንዱን ደግመው አነበቡት፣ ከሌላው ደግሞ ሳያዩ የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጠ። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፤ ሳያዩ የጻፉትን 56 በመቶ ሲያስታውሱ፣ ደግመው ያነበቡትን 42 በመቶ ብቻ። ደጋግሞ ማንበብ የገባን ያስመስላል፣ ይጣፍጣልም። ደብተር ዘግቶ ባዶ ወረቀት ላይ መጻፍ ግን ያታግላል፣ የሚቀረውም እሱ ነው።

ከመመዝገባችሁ በፊት ዲፓርትመንቱን ወይም እዚያ የሚማር ሰው አግኝታችሁ ጠይቁ። ስንት የስታትስቲክስና የጥናት ዘዴ ኮርስ አለ? አንድ ብቻ ከሆነ ትምህርቱ ቀላል ነው ብላችሁ ደስ አይበላችሁ፣ ለማስተርስ ስታመለክቱ ሊጎድልባችሁ ይችላል። በመጨረሻው ዓመት ራሳችሁ መረጃ ሰብስባችሁ ጥናት ትሠራላችሁ ወይ? አማካሪ መምህር ለአንድ ተማሪ በሴሚስተር ስንት ጊዜ ጊዜ ይሰጣል? ተቋም ሄዳችሁ የምትለማመዱበት ጊዜ ተመድቧል? በመምህራን ጥናት ላይ በረዳትነት መሥራት ይቻላል? ዲግሪው ልትቀጥሉ በምታስቡበት አገር ለክሊኒካል ትምህርት ይታወቃል ወይ? የመጨረሻውን ጥያቄ ከዲፓርትመንቱ ብቻ አትስሙ። በዚያ አገር የሙያ ፈቃድ የሚሰጠውን መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ራሳችሁ ክፈቱና የሚጠይቃቸውን ኮርሶች ከኮርስ ዝርዝራችሁ ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ፤ የጎደለ ካለ ገና በመጀመሪያው ዓመት ላይ ሆናችሁ እንደ ተጨማሪ ኮርስ ልትወስዱት ትችላላችሁ።